ዛፉን ለገበሬው ስጡት

እዚህ በአሜሪካ ጆርጂያ፣ ታከርም ሆነ ክላርክስተን፣ ሐበሻ ተሰብስቦ የአገር ቤት ወሬ በተነሣበት ሁሉ ስለ ተራሮቻችን የሚባለው አንድ ዓይነት ነው። አገሩ ተራቁቷል፤ ያራቆተው ገበሬው ነው፤ ገበሬው የዛፍ ጥቅም አልገባውም፤ ስለዚህ እሱ ይማር፣ እኛ ደግሞ ገንዘብ እናዋጣና ችግኝ ይተከል። አንዱ ተነሥቶ «በነፍስ ወከፍ መቶ ችግኝ» ይላል፣ ይጨበጨባል፣ የመዋጮው ዝርዝር ይዞራል። የሚያዋጣው ሰው ሌሊት መጋዘን፣ ቀን ታክሲ ላይ የሚውል ነው፤ የሚሰጠውም ከልቡ ነው። ቅንነቱን አልጠራጠርም። የያዘው እምነት ግን ከሥሩ የተሳሳተ ነው፤ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ እዚያ ዳገት የሚያርሰው ሰው ነው።

እኔ የምለው ይህ ነው። የደጋ ገበሬ ዛፍ ጠልቶ አያውቅም። ዳገቱ ገላጣ ሆኖ የቀረው ገበሬው ሒሳቡን ሲያሰላ መትከል ስላላዋጣው ነው፤ ሒሳቡም ትክክል ነው። ዛፉ የእሱ መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ ቆርጦ መሸጥ ካልቻለ፣ እስኪደርስ የሚበላው ከሌለው መትከል ኪሳራ ነው። እነዚህ ሦስቱ በተሟሉበት ቦታ ሁሉ ማንም ሳይቀሰቅሰው ተክሏል።

የዚህ ሁሉ ክስ መነሻ የሆነውን ቁጥር ከትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶው የአገራችን መሬት ደን ነበር፣ አሁን 3 በመቶ እንኳ አይሞላም የሚለውን። አል ጎር እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ በአርባ ዓመት ውስጥ ከ40 ወደ 1 በመቶ ወረደ ብሎ ለዓለም አስተጋባው። የቦስተን ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን ቁጥር ወደ ኋላ ተከትሎ ምንጩን ሲፈልግ የሚጨበጥ ነገር አላገኘም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች የሰሜኑን ደጋ ብዙውን ቦታ ገና ያኔ የታረሰና ገላጣ አገር አድርገው ነው የጻፉት። በደቡብ ምዕራብ ደን ተመንጥሯል፤ ያ እውነት ነው። የወሎና የጎጃም ተዳፋት ግን በሬ ሲመላለስበት ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረ መሬት ነው። በዚያ ቁጥር ምክንያት ገበሬው ተከሳሽ ሆነ፤ ተከሳሽን ደግሞ ምን ትፈልጋለህ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

አፈሩ እየሄደ መሆኑን አልክድም። ስዊሳዊው ሀንስ ሁርኒ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር ወሎ መይባር፣ ሸዋ አንዲት ጥድ፣ ጎጃም አንጀኒ ላይ በተቋቋሙ የምርምር ጣቢያዎች ለዓመታት ለክቷል፤ ያወጣው ግምት ከደጋው የታረሰ መሬት በየዓመቱ ከአንድ ሄክታር 42 ቶን ያህል አፈር ይታጠባል የሚል ነው። ዛፍ ያስፈልጋል። የተጣላነው የማን ዛፍ በሚለው ላይ ነው።

ባህር ዛፍን እናንሣ፤ በዚህ ከተማ በደጉ የሚያነሣው ሰው አላጋጠመኝም። በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር አውጥቷታል። ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1913፣ ውኃ ይመጥጣል ተብሎ ሁለት ሦስተኛው እንዲነቀል ታዘዘ፤ ትእዛዙ ወረቀት ላይ ቀረ። የትግራይ ክልል በ1980ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በእርሻ መሬት ላይ እንዳይተከል ከለከለ። ባህር ዛፉ ግን በየዓመቱ ይተከላል። ለምን?

አንደኛ፣ ከብት አይበላውም። ታኅሣሥ አልፎ እህሉ ከተሰበሰበ በኋላ የአገሩ ከብት በየማሳው ይለቀቃል፤ በዚያ ወራት ያለ አጥርና ያለ ጠባቂ የሚተርፍ ችግኝ ከእሱ በቀር ጥቂት ነው። ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። በአምስት ዓመት አጣና ይወጣዋል፣ ቢያቆዩት ቋሚና ወራጅ ይሆናል። ልጅ ሲታመም፣ የማዳበሪያ ዕዳ ሲጠየቅ፣ ተዝካር ሲደርስ፣ ገበሬው ደላላ ጠርቶ ዛፉን በቁሙ ይሸጣል። ባንክ የማያውቀው ሰው ባንኩ እሱ ነው። ከምንጭ አጠገብ መተከል እንደሌለበት፣ ከጤፍ ማሳ ድንበር ላይ ሲቆም የጎረቤትን እህል እንደሚያቀጭጭ አውቃለሁ፤ በዚህ ምክንያት ድንበርተኞች ሽማግሌ ፊት ይቀርባሉ። ይህ ቦታውን የመምረጥ ጉዳይ ነው። «ይነቀል» የሚል ሰው ግን ለተዝካሩና ለማዳበሪያው ሌላ የሚሸጥ ነገር ይዞ ይምጣ።

ከባህር ዛፍ ጎን ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን አስቧቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ እነዚህን አራቱን በስም ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከለከለ። ሐሳቡ መልካም ነበር። መሬት ላይ ሲወርድ ግን በብዙ ቦታ ክልከላው ገበሬው በማሳው ያሳደገውንም አብሮ ያዘ። ዋንዛዬን ጣውላ ላስወጣ ያለ ሰው የመቁረጫ ፈቃድ፣ የማጓጓዣ ፈቃድ፣ በየኬላው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል። በማሳው መሐል በወፍ ዘራሽ የበቀለ የዋንዛ ቡቃያ ያየ ገበሬ ምን ያድርግ? ሃያ ዓመት ጠብቆ ደጅ ሊጠናበት ነው ወይስ ዛሬውኑ በማረሻ ሊገለብጠው? የሚያደርገውን እናውቃለን።

«ቆርጦ የመሸጥ መብት ከሰጠነው ይጨርሰዋል» የሚሉ ወገኖች አሉ፤ ክርክራቸውን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። መልሱ ዓይናችን ፊት ነው። ማንም ያልጠበቀው፣ ገበሬው እንደፈለገ የሚቆርጠው ባህር ዛፍ አገሩን ሞላው። አዋጅ የቆመለት ኮሶ ግን ዛሬ በፍለጋ ነው የሚገኘው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 የግል ደንን በግልጽ አውቋል፤ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሕጉ ኬላ ላይ እስኪደርስ ግን ለገበሬው ገና ወረቀት ነው።

መብት የሌለበት ተከላ የት እንደሚያደርስ አንድ ትውልድ አይቶታል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ በላዩ ያለው ዛፍ የማን እንደሆነ ግን ሳይለይለት ቆየ። በ1970ዎቹ ወሎን ጨምሮ በደጋው ሁሉ የዓለም የምግብ ፕሮግራም እህልና ዘይት ለጉልበት እየተከፈለ ኮረብታ ታጠረ፣ እርከን ተካበ፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ችግኝ ተተከለ። ገበሬው ስንዴውን ተቀበለ፤ ከኮረብታው ግን ሣር እንኳ እንዳያጭድ ተከለከለ። በ1983 ዓ.ም. ጠባቂው ሲጠፋ በብዙ ቦታ ያ ሁሉ ዛፍ በጥቂት ወራት ተመነጠረ። ያን ጊዜ «ገበሬው አጥፊ ነው» የሚለው ክስ እንደገና ጎላ። የቆረጠው ግን የራሴ ነው ብሎ የማያውቀውን ዛፍ ነው።

አሁን ደግሞ ቁጥሩ ገነነ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀምበር ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። በዚያ ዝናብ ወጥቶ የተከለውን ሕዝብ አከብራለሁ። ቁጥሩ ግን የሐምሌ ቁጥር ነው። ሐምሌ ላይ ሁሉም ችግኝ አረንጓዴ ነው። የሚሞተው ከጥር እስከ ሚያዝያ፣ ከብቱ ተለቆ ምድሩ ሲሰነጠቅ ነው፤ ያኔ ካሜራም የለ፣ መዝጋቢም የለ። የእኛ የታከር መዋጮም የሚከፍለው ለሐምሌው ነው። ችግኙ ስንት እንደሆነ ሪፖርት ይላክልናል፣ ፎቶ ይለጠፋል፣ ለሚቀጥለው ዓመት እንደገና እናዋጣለን። ባለፈው ዓመት ያዋጣንለት ቦታ ላይ ዘንድሮ ስንት እንደቆመ ጠይቁና መልሱን ተመልከቱት።

አንዳንድ ቦታ ችግኝ ጭራሽ አያስፈልግም። ወላይታ ሁምቦ ላይ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ባብዛኛው ያገገመው ከመሬት ሥር በሕይወት ከቆየው ጉቶ ነው። ገበሬዎቹ ከጉቶው ከሚያቆጠቁጠው ብዙ ቀንበጥ ጠንካራውን መርጠው ሌላውን ገረዙት፣ ከብት አስወጡ፣ ሣሩን አጭደው ተሸከሙ። ከሁሉ በፊት ግን ኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው በተራራው ላይ የመጠቀም መብት በስማቸው ያዙ። በዚያም ላይ ከካርቦን ሽያጭ ገንዘብ አገኙ። እዚያ «ስንት ችግኝ ተተከለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱ ትንሽ ሊሆንበት ይችላል፤ ተራራው ግን ለብሷል።

የበለጠ የሚያስገርመኝ አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ነው። አፈሩ አሲዳማ ሆኖ እህል እምቢ ያለበት ወረዳ ነበር። ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዘር ከጤፍ ጋር አጋባው። በመጀመሪያው ክረምት መሬቱ ለጤፍ በደንብ ይታረሳል፣ ጤፉ ይዘራል፣ ችግኙ በዚያው ማሳ መሐል መሐሉን ይገባል። በመኸር ጤፉ ታጭዶ ይወቃል፤ ችግኙ በገለባው መሐል ጉልበት ላይ ደርሶ ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት ከሥሩ ሣር ይታጨዳል፣ ለከብት ይሆናል፣ የተረፈው ይሸጣል። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ይቆረጣል፤ እዚያው ማሳው ላይ ተከምሮ፣ በሣርና በአፈር ተደፍኖ ከሰል ይሆናል፣ በጆንያ ታስሮ ለአዲስ አበባ መኪና ይጫናል። ከሰል የከሰለበት ቦታ ላይ የሚዘራው ጤፍ እንዴት እንደሚያምር የአገሩ ሰው ይነግራችኋል። ከዚያ እንደገና ጤፍና ችግኝ። ቆራጩ፣ ከሳዩ፣ ጫኙ፣ መሬት የሌለው ወጣት ሁሉ ከዚህ ይበላል። የወረዳው የዛፍ ሽፋን በሳተላይት ምስል እስኪታይ ጨመረ። ይህን ያደረገው ዘመቻ አይደለም።

ችግሩንም ልናገር፤ በአንድ ዓይነት ዛፍ መሞላቱ መጥፎ ነው። ባለፉት ዓመታት የቅጠል ዝገት በሽታ ገብቶ ብዙ ማሳ አደረቀ፣ ብዙ ቤተሰብ ባዶ እጁን ቀረ። በአማራ ክልል የተነሣው ግጭትም መንገድ ሲዘጋ የከሰሉ ጆንያ ባለበት ይቆማል። የእኛ ገንዘብ፣ የእኛ ምሁራን እውቀት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነበር፤ በሽታውን የሚቋቋም ዘር፣ ከዲከረንሱ ጋር ተሰባጥሮ የሚተከል ሌላ ገቢ ያለው ዛፍ፣ የሚሻል የከሰል ምድጃ። እኛ ግን «ከሰል ደን ያጠፋል» ብለን ፊታችንን አዞርን። እዚያ ከሰል ደን አበቀለ።

ከዚህ የቆየም አለን። ጣና ዳር ዘጌ ላይ ሰዉ በሬ ጠምዶ አያርስም፤ ገዳሙን የመሠረቱት የአቡነ በትረ ማርያም ግዝት ነው ይላሉ። የሚኖሩት ከዛፉ ሥር በሚለቅሙት ቡናና በሚቀነጥሱት ጌሾ ነው። ዙሪያው ያለው አገር ሲገለጥ ዘጌ ደን ሆኖ የቀረው ግዝቱ ከገቢ ጋር ስለ ተጋባ ነው። ጌዴኦ ላይ በቀጥ ያለ ዳገት ላይ ቡና፣ ከላዩ እንሰት፣ ከዚያ በላይ ትልልቅ የአገር በቀል ዛፍ ተደርቦ በአገሪቱ እጅግ ጥቅጥቅ ብለው ከሚኖሩት አንዱ የሆነውን ሕዝብ ይመግባል፤ ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዘገበው። የጌዴኦን ገበሬ የዛፍ ጥቅም ማን አስተማረው?

ሩቅ አገር ሳንሄድ ደግሞ ይህችን የቆምንባትን ምድር እንይ። ከታከር ወደ ስቶን ማውንቴን ስትነዱ ግራና ቀኙ የጥድ ጫካ ነው፤ ብዙዎቻችን ከጥንት የነበረ ይመስለናል። ይህ ቀይ ሸክላ አፈር ጥጥ ሲታረስበት የኖረ ኮረብታማ አገር ነው፤ በደቡቡ ፒድሞንት በአማካይ 7 ኢንች ያህል የላይኛው አፈር ታጥቦ እንደሄደ ስታንሊ ትሪምብል የተባለ ተመራማሪ አስልቷል። የታጠበው ደግሞ በባርነትና በእኩል አራሽነት የታሰሩ ሰዎች ያለ ምርጫቸው ባረሱት ጥጥ ነው። የጥጡ ተባይ መጥቶ እርሻው ሲተው ጥድ በቀለ። በቅሎ የጸናው ግን ገበያ ስለ መጣለት ነው። ቻርልስ ኸርቲ የሚባል ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሳቫና ላይ በከፈተው ቤተ ሙከራ ከደቡቡ ጥድ የጋዜጣ ወረቀት መሥራት እንደሚቻል አሳየ፤ በ1936 በዚያው ከተማ ትልቅ የወረቀት ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ከዚያ መንግሥት ጨመረበት፤ በ1956 በተጀመረው የአፈር ባንክ ፕሮግራም፣ በኋላም በ1985ቱ የጥበቃ ፕሮግራም፣ ማሳውን በጥድ ለሸፈነ ገበሬ ዛፉ እያደገ ሳለ በየዓመቱ ኪራይ ተከፈለው። ዛሬ የጆርጂያ ደን አብዛኛው የግል ሰዎች ነው። ይቆርጡታል፣ ይሸጡታል፣ መልሰው ይተክሉታል። የአሜሪካን ገበሬ «የዛፍ ጥቅም አልገባህም» ያለው የለም። እየጠበቀ እንዲበላ ከፈሉት፣ ሲደርስ ገዙት።

የመብቱንም ነገር እዚሁ ማየት ይቻላል። በዚህ ግዛት ብዙ ጥቁር ቤተሰቦች አያት የተዉትን መሬት ያለ ኑዛዜ፣ በአንድ ሰው ስም ሳይዞር በጋራ ይዘውት ኖረዋል። የጠራ ካርታ ስለሌላቸው የመንግሥቱ ክፍያ ለብዙ ጊዜ አልደረሳቸውም፤ ጥዳቸውን ለመሸጥም ሁሉም ወራሽ ካልፈረመ ይቸገሩ ነበር፤ ብዙዎች መሬቱንም አጡ። መሬቱ ያው፣ ጥዱም ያው ነው፤ የተለየው ወረቀቱ ነው። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰጠውን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ገበሬው በሳጥን ቆልፎ የሚያስቀምጠው ለምን እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

አንድ ከባድ ተቃውሞ ይቀራል፤ ይህኛውን አልንቀውም። የደጋው ቤተሰብ መሬት በአማካይ ከአንድ ሄክታር ያነሰ ነው። ዛፍ ቦታውን ከወሰደ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ለዚህ ነው ዛፍ በእህል ፈንታ ሳይሆን ከእህል ጋር የምለው። ገርቢ፣ በትግርኛ ሞሞና የሚባለው ግራር፣ በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፤ ከሥሩ ያለው ማሽላ ፀሐይ ያገኛል፣ አፈሩም ይወፍራል። ዋንዛና ብሳና በማሳ መሐል ተራርቀው ሲቆሙ የጎጃም ገበሬ ድሮም አይነቅላቸውም። በእርከኑ ጠርዝ ላይ ጌሾ ይያዛል፤ ሥሩ ካቡን ይይዛል፣ ቅጠሉ ይሸጣል። ውኃ ባለበት ጓሮ ግራፍት የተደረገ አቮካዶ በሦስት በአራት ዓመት ያፈራል። ሲቆጠር ትንሽ ነው፤ አንድ ቤተሰብ ከዚህ ሁሉ መቶ ዛፍ ላይኖረው ይችላል። ሃያ የሚሸጥ ዛፍ ያለው ቤት ግን ክፉ ዓመት ሲመጣ በሬውን አይሸጥም።

እኛ ደግሞ ገዢዎቹ ነን። ሎረንስቪል ሀይዌይ ላይ ካለ የሐበሻ ሱቅ ግቡና መደርደሪያውን እዩ፤ የጌሾ ቅጠል ለብቻ፣ የጌሾ እንጨት ለብቻ በላስቲክ ታሽጎ ተሰቅሏል፤ አጠገቡ ቡና፣ ኮረሪማ፣ ማር አለ። ሁሉም ዛፍ ካለበት የሚመጣ ነው። ከደንበኞቹ አንዷ እትዬ ከበላይ ላስቲኩን ከፍተው ያሸቱታል፤ ቅጠሉ ጥቁር ከሆነ፣ ሽታው ከጠፋ ይመልሱታል። ዋጋው አገር ቤት ከለቀመችው ሴት እጅ ከወጣበት ብዙ እጥፍ ነው፤ በመሐል ያለውን ማን እንደሚወስደው ጠይቀን አናውቅም። ለጠላችን ስንት ጌሾ በዓመት እንደምንጨርስ ደምረነው አናውቅም። ማኅበሮቻችን አንድ የጌሾ አብቃዮች ኅብረት ሥራ ማኅበር አግኝተው በደንብ የደረቀውን በቀጥታ ቢገዙ፣ ለዳገቱ ከመቶ ሺህ የፎቶ ችግኝ ይልቅ ይጠቅሙታል።

እንግዲህ ለመዋጮው የምጠይቀው ይህን ነው። ዝርዝሩ ከመዞሩ በፊት ይጠየቅ፤ ዛፉ በማን ይዞታ ደብተር ላይ ነው የሚቆመው? ሲደርስ ያለ ደጅ ጥናት መቁረጥ ይችላል ወይ? ዓይነቱን የመረጠው ማነው፣ ባልየው ብቻ ነው ወይስ ሴትየዋም ተጠይቃለች? ከብት በሚከለከልበት ጊዜ መኖው ከየት ይመጣል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ፕሮጀክት ቢቀር ምንም አይጎድልብንም። መልስ ላለው ደግሞ ገንዘቡ በሐምሌ ሲሶው ብቻ ይከፈል፣ ለችግኙና ለጉድጓዱ። ሁለተኛው ሲሶ በሚቀጥለው ግንቦት፣ በጋውን ለተሻገረው። የቀረው በሦስተኛው ዓመት ግንቦት፣ ቆሞ ላለው ዛፍ ብቻ፣ ለኮሚቴ ሳይሆን ለገበሬው በእጁ።